የአባቷ ድምፅ

ምንታምር ስታነብ ፊደሉ ይደባለቅባታል፤ መስመር ትዘላለች። ሐኪሙ «ዲስሌክሲያ ሳይሆን አይቀርም» ካለ ወዲህ አባቷ አያልነህ የፈተና ቢሮውን ደጅ ሲጠና ከረመ። በስንት ልመና ፈቀዱለት፤ ጥያቄውን ማሽን ያነብላታል። ማሽኑ ግን የራሱ ድምፅ የለውም። ከቤተሰብ አንዱ ድምፁን ማዋስ አለበት፤ ያዋሰው ሰውም ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ አይናገርም።

«የእኔን ውሰዱት!» አለ አያልነህ፣ ኃላፊው ተናግሮ ሳይጨርስ። ሰፈሩን ሁሉ በወሬ የሚያስቀው ሰው ትናንት ድምፁን አስረክቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

ዛሬ ጠዋት ምንታምር ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«መርቀኝ፣ አባዬ።»

አያልነህ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ያኔ ገባው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳይመርቃት ለፈተና ወጥታ አታውቅም፤ ትናንት ግን ምርቃቱን ሳያስቀድም ድምፁን ሰጠ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልጅቱ እጁን ይዛ አናቷ ላይ አኖረችው። «በሆድህ መርቀኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ» አለችው።

በሆዱ ጀመረ። ከክፉ ይሰውርሽ ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ «አሜን» አለች። የጀመርሽውን ያስጨርስሽ። «አሜን።» እውቀቱን ይግለጥልሽ። «አሜን።» አንዱንም ያለቦታው አላለችም። እሱ ግን እንባው ሊያመልጠው ሲል ቶሎ ጨርሶ እጁን አነሳ።

ምንታምር ካቀረቀረችበት ንቅንቅ አላለችም።

«አባዬ፣ አንድ መስመር ዘለልክ» አለችው። «‹ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ› የት ሄደች?»