ከድንጋዩ ላይ የሚፋቀው ስም

«ከእኔ ጀምር» አሉኝ እማማ ድራጊኛ፣ የመቃብሩን ድንጋይ በምርኩዛቸው እየመቱ። «ይቺን 19 አንሣልኝ። አገር ምድሩ ሳቀብኝ እኮ!»

ድንጋዩ ላይ ሦስት ስም አለ። ባለቤታቸው ገና ጤነኛ ሳሉ ነው ያሠሩት፤ እዚህ ሰው የመቃብር ድንጋዩን በቁሙ ያቆማል። የራሳቸውን፣ የሚስታቸውንና የአንድ ልጃቸውን ስም ከነትውልድ ዓመቱ አስቀረጹ። ጠራቢው ደግሞ ለባልና ሚስቱ የመሞቻ ዓመት «19»ን አስቀድሞ ቀረጸላቸው፤ ቀኑ ሲደርስ ሁለት ቁጥር ብቻ እንዲጨመር። ሁለት ሺህን ተሻግረው ይኖራሉ ብሎ ማን አሰበ? የሰውዬው በቀብራቸው ሰሞን ተስተካከለ። እማማ ድራጊኛ ግን ይኸው ዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ 19 እንደተገተረች አለች።

«ሞት በዚህ ባለፈ ቁጥር ድንጋዬን እያየ ‹ይቺማ ድሮ ሄዳለች› ብሎ ነው የሚተወኝ» አሉ።

ሳቅኩ። መሮውን አስጠግቼ መዶሻውን አሳረፍኩ። በላዩ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ድንጋዩን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ጎድጓዳው ውስጥ ሃያን መቅረጽ ነው። ቡራ የሚሉት ነፋስ ከራቁቱ ነጭ ተራራ እየወረደ አቧራውን ወደ ትሬቢኜ ከተማ ይወስደዋል። ከኔፓል መጥቼ እዚህ ድንጋይ ስጠርብ አምስት ዓመቴ ነው። ፑርና ማለት ስለከበዳቸው ፔሮ ይሉኛል። የምኖረውም እማማ ድራጊኛ ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ስጨርስ ዳቦና አይብ ዘረጉልኝ።

«ይቅርብኝ፣ እማማ።»

«ዛሬም ይቅርብኝ? ስንት ቀን ሙሉ እጄን ተጸየፍከው፣ ምን አደረግኩህ?»

ባርኔጣዬን ወደ ታች ሳብ አደረግኩ። ቁጣቸውን ትተው በምርኩዛቸው ወደ ታችኛው ስም አመለከቱ።

«አሁን ያንን ፋቅልኝ።»

ራዶይትሳ ይላል። ጀርመን አገር የሚሠራው ልጃቸው ነው።

«እማማ፣ ይህ እኮ ቀለም አይደለም። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።»

«እሱስ ተመለሰ? አባቱን ያልቀበረ ልጅ ከአባቱ ጋር አይጻፍም። አለቃዬ አልለቅ አለኝ፣ ወረቀቴ አላለቀም፣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው! ባሌን ጎረቤት ተሸክሞ አፈር አለበሰው። እሱ ለአርባው ሲመጣ በሩን ዘጋሁበት። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። እኔ ሳልሞት ስሙ ይጥፋልኝ፤ አጠገቤ አላስተኛውም።»

ይህን ታሪክ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። የኔን የደበቅኳቸውም ለዚህ ነው። ተንበርክኬ መሮውን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አቆምኩ። መዶሻውን አነሣሁ። መልሼ ዝቅ አደረግኩት።

«ምን ሆንክ? በረደህ እንዴ?»

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። የተላጨ ራሴን ነፋሱ እንደ ቢላ ከረከረው። ሲያዩኝ ጊዜ ቅማል ነው ብዬ ነበር የዋሸኋቸው።

«አባቴ ሞቷል፣ እማማ። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ። እኛ ዘንድ ልጅ ለአባቱ ራሱን ይላጫል፤ ሬሳም ይቃጠላል፤ የአባትን እሳት የሚለኩሰው የበኩር ልጅ ነው። በኩሩ እኔ ነኝ። ፓስፖርቴ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ገብቷል፤ ብሄድም መመለሻ የለኝም፤ እዚያ ሆኜ ደግሞ ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ? ታናሽ ወንድሜ ለኮሰው። እኔ በስልክ አየሁ። እሱም መሃል ላይ ተቋረጠ።» መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ካዘዙኝ እፍቀዋለሁ። ግን የራሴን ስም የምፍቅ ነው የሚመስለኝ።»

እማማ ድራጊኛ የተላጨ ራሴን ትክ ብለው አዩ።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከቤቴ ሥር ብቻህን ለቅሶ ተቀምጠህ» አሉ፣ «እኔ ላይ ሆኜ ቅማል አለበት ብዬ አንሶላ ስቀቅል! አንተ ደንቆሮ!»

ለባላቸው መታሰቢያ ይዘውት የመጡትን የስንዴ ንፍሮ ከዘንቢላቸው አወጡ።

«አልችልም፣ እማማ። እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ጨው አልቀምስም፤ ራሴ ካበሰልኩት በስተቀርም...»

«ጨው የለውም፣ በስኳር ነው። የአባትህ ስም ማን ነው?»

«ቲካራም።»

ከትንሿ ጠርሙስ አረቄ በባላቸው መቃብር ላይ ጠብ አደረጉ። «ቲካራም፣ ነፍስ ይማር» አሉ፤ ንፍሮውን በማንኪያ ዝቀው ሰጡኝ። ደንቡ አይፈቅድም። በላሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንባዬ የመጣልኝም ያኔ ነው።

እኔ ሳለቅስ እሳቸው ድንጋዩ ላይ አጎነበሱ። የታችኛውን ስም የሸፈነውን የድንጋይ ሽበት በጥፍራቸው ፊደል በፊደል መጠራረግ ያዙ። ጠብቄ ጠብቄ መሮዬን ከረጢት ውስጥ ከተትኩ፤ አልከለከሉኝም።

«ያኔ ፓስፖርትህ የት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም» አሉ፣ ዞር ሳይሉ።

ነፋሱ በረታ።

«ያ ስልክህ ጀርመን ይደውላል?»

«ይደውላል፣ እማማ። ቁጥሩን ግን ቤት ሄደን ካልፈለግን...»

አላስጨረሱኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን ከአፋቸው አላወጡም፤ ቁጥሩን ግን ዓይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ፣ አንድም ሳይስቱ፣ እስከ መጨረሻው በቃላቸው ነገሩኝ።