የጋፋት መንገድ ሰላምታ

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ!» ትርንጎ ይኼን ስትል ለስንተኛ ጊዜዋ እንደሆነ እንጃ። ባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱና «እግዜር ይመስገን፣ ልጄ! እንደምን ዋላችሁ?» አሉ። እሷም ቆማ ጤናቸውን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳይቀር ጠይቃ ነው ያለፈችው።

ባሏ ምትኩ ሳቀ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከተጋቡ ገና አራተኛ ወራቸው። «ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ?»

«አንዱንም አላውቅ። በእኛ አገር ሰላም ሳይል የሚያልፍ ወይ ሌባ ነው ወይ ባለደም።»

«ጋቢያቸውን ማውረዳቸውስ?»

«ሰላም ሲሉህ ተሸፋፍነህ ትመልሳለህ እንዴ? ነውር ነው!»

ምትኩ እንደ ተማሪ «እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ዋሉ» እያለ ዜማውን ተለማመደ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ቀድማው መንገዷን ቀጠለች።

ነገሩ ሁሉ አልጥም ብሏታል። የአገርሽን ታሪካዊ ቦታ አስጎብኚኝ ብሎ የነዘነዛት እሱ ነው። ሰው የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ቀበሌ ሁለት ሳምንት ደጅ ይጠናል፤ እሱ በአንድ ቀን ይዞ ከች አለ። ኬላ ላይ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ሲበረበር፣ ወታደሩ የሱን ወረቀት አየና በእጁ እለፍ አለው። ጠዋት ደብረ ታቦር ኢየሱስን ሲሳለሙም ቤተ ክርስቲያኑን ትቶ የተሳላሚውን ፊት ሲያጠና ነው ያረፈደው። «እዚች በር ላይ አንሳኝ እንጂ» ብትለው ካሜራውን በእጁ ሸፈነና «ፊልሙ ሊያልቅ ነው፤ አንድ ቀርታኛለች፣ ለጋፋት ትሁን» አላት። ለሚስቱ አንዲት ፎቶ የሚነፍግ ሙሽራ! ጉድ እኮ ነው።

ይኼንንም ችላ ትኖር ነበር፣ የወንድሟ ነገር ባይኖር። ይርዳው ጫካ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉና ተራራ ላይ ነው ይላሉ፤ አልፎ አልፎም ገበሬ መስሎ ይወርዳል ይላሉ። ለምትኩ ግን «ሑመራ ለሥራ ሄዷል» ብላዋለች። የመንግሥት ሰዎች ከያዙት ፍርድ ቤት እንኳ አያቀርቡት፤ ይረሽኑታል። ይኼን እያሰበች ነው ከዚህ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ የምታድረው።

ጋፋት ደረሱ። «የቴዎድሮስ መድፍ የተሠራው እዚህ ነው» ብላ ሣር የወረሰውን ጉብታና ጥቂት ድንጋይ አሳየችው። ምትኩ ድንጋዩን አንዴ ገረፍ አድርጎ አየና ጀርባውን ሰጠው። «ጉና በየት በኩል ነው?»

«እዚያ ማዶ፤ ደመና የሸፈነው።»

«ከዚያ የሚወርድ ሰው በዚህ ያልፋል?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች።

ያኔ ነው ድንች የተጫነ አህያ ከመታጠፊያው ብቅ ያለው። ነጂው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ግን አካሄዱ! በር እንደሚገፋ ሰው ግራ ትከሻውን ያስቀድማል። እናታቸው በልጅነቱ እየሳቀች የምትቆጣው አካሄድ ነው። ወይኔ ወንድሜ! ይርዳውም እሷን አያት፤ ጎኗ የቆመውን ኮት ለባሽ ደግሞ አየና አንገቱን ደፋ።

ትርንጎም አንገቷን ደፋች። ጫማዋ ላይ አፍጥጣ በሆዷ እግዚኦ አለች። አህያው አለፈ፤ የነጂው እግርም አለፈ፤ ማንም ምንም አላለም። አሥር እርምጃ ራቀ፤ ሃያ ራቀ። ተመስገን፣ አለች።

«ትርንጎ» አላት ምትኩ በቀስታ። «ይኼንን ዘለልሽው እኮ።»

«እ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሰላም ያላልሽው ሰው የለም። ዛፍ ሥር ያንቀላፉትን መነኩሴ እንኳ ቀስቅሰሻል። ለሱ ብቻ ዝም አልሽ፤ እሱም ዝም አለሽ።» ፈገግ አለ። «ሌባ ነው ወይስ ባለደም?»

«አላየሁትም» አለች። መንገዱ ከአንድ አህያ አይሰፋም።

ምትኩ መንገዱ መሀል ወጥቶ ቆመ። ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደገነ። ከዚያም ልክ እሷ እንዳስተማረችው፣ ዜማውን እንኳ ሳያጎድል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«እንደምን ዋሉ!»

አትዙር ልትል ነበር፤ አልደረሰችም። የይርዳው እግር ከሐሳቡ ቀድሞ ቆመ። እናታቸው እንዲያ ነው ያሳደገቻቸው። ዞረ፤ ጋቢውንም ከፊቱ ላይ አወረደ።

ካሜራው ቀጭ አለ።

«እግዜር ይመስገን!» አለ ይርዳው። «እናንተስ እንደምን ዋላችሁ?»

ጋቢውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱን እንደገለጠ፣ መልሳቸውን ቆሞ ይጠብቃል።