የፀሐዩ ፀ እና የጸሎቱ ጸ

ሚስቴ ሞታለች።

“አባ... እማ ተቆጥታኛለች እንዴ?”

ልጄ ናት። ሳሎን ያለው ትንሽ ስክሪን ፊት ቆማ ቢጫዋን ፀሐይ በጣቷ ትጫናለች...

ትጫናለች... ትጫናለች...

መልስ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሚስቴ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ነበረች። የምትሠራው እቤት፣ ክፍሏን ዘግታ ነው።

እኔ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ገጣሚ ነኝ።

“ሁለታችንም መስኮት ሠሪ ነን” ትለኝ ነበር። “የእኔ ሲሰበር እጅ አይቆርጥም፣ ልዩነቱ እሱ ነው።”

ለልጃችን ስክሪን ላይ የሚከፈት ሁለት መስኮት ሠራችላት። አንዱ ሳሎን፣ ሌላው እናትየው ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪን ውስጥ። ልጄ ሳሎን ሆና ፀሐይዋን ስትጫን፣ እናቷ ጋ ፀሐይ ትወጣለች።

ያኔ ሥራዋን ትታ ብቅ ትላለች... “ማነው በዚህ ዝናብ ፀሐይ ያወጣው?”

ታማ ሆስፒታል ስትተኛ በስልኳ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረች።

“አርፈሽ ተኚ እንጂ!”

“ለአንተም መስኮት እየሠራሁልህ ነው።”

“ለመስኮት ገጣሚ መስኮት? ለቀባሪው አረዱት አሉ!”

‘ቀባሪ’ ማለቴ ትዝ ሲለኝ አፌን በእጄ ያዝኩ...

እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች። “አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ተረት ጠፍቶ ነው?”

የጻፈችውን እዚያው ተኝታ እቤት ወዳለው ኮምፒውተር ላከችው። ሳትሞክረው ቀረች።

ከቀብር በኋላ ከሥራ ስመለስ ክፍሏ እገባለሁ። በሩን እዘጋለሁ። ኮምፒውተሯን ከፍቼ ወንበሯ ላይ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ልጄ ደግሞ ሳሎን ፀሐይዋን ትጫናለች...

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዋ ልትጠይቀን መጣች። ልጄ ገና ሳትቀመጥ እጇን ይዛ ወደ ስክሪኑ ጎተተቻት።

“ከእማ ጋ አስታርቂኝ” አለቻት።

ባልደረባዋ እንባዋን ዋጠች። “ሽምግልናማ ሙያዬ ነው! አንቺ እዚሁ ሁኚና ስጠራሽ ተጫኚ።”

ክፍሉ ገብታ የሚስቴ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆምኩ።

“ተጫኚ የኔ ቆንጆ!”

“ተጫንኩ!”

“ይኸው፣ ቁልፉ ይሠራል። ልጅቷ ትጣራለች” አለችኝ። “የእናትየው መስኮት ሲዘጋ ደግሞ ጥሪው ወደ ሦስተኛ መስኮት እንዲሄድ አድርጋለች። ሦስተኛው ያንተ ነው።”

“ታዲያ ምነው አይመጣልኝም?”

“እሱን ነው የምፈልገው። ጠሪ አለ... ሰሚ አለ... ግን አይተዋወቁም።”

መስኮቶቹ የሚጠራሩት በስም ነው አሉ። ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው።

“የሚጠራው... ፀሐይ። የሚጠበቀው... ጸሀይ።”

“አንድ ነው” አልኳት።

ደግማ አነበበችው። አንድ ነው።

ከዚያ ማንበቡን ተወችና ማየት ጀመረች... ወደ ስክሪኑ ጠጋ... ጠጋ...

“ውይ! ይሄኛው የፀሐዩ ፀ ነው፤ ያኛው የጸሎቱ ጸ!”

ሐውም ሀ ሆኗል።

“ለጆሮ አንድ ናቸው ወንድሜ። ማሽን ግን ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ቅርጹን ነው። ለእሱ ሁለት የተለያየ ሰው ናቸው። የመጨረሻውን በስልክ ነው የጻፈችው አይደል? ስልኩ የሰጣትን ፊደል ተቀብላ ነው።”

አስተካከለችው።

“ተጫኚ!”

ፊት ለፊቴ ቢጫ መስኮት ተከፈተ።

ድምፅዋ ይመጣል ብዬ ነበር... ወይ ፎቶዋ... ለልጄ የተወችላት አንድ ነገር...

የመጣው ጽሑፍ ነው። ለልጄም አልነበረም። ለእኔ ነው።

“እዚህ ወንበሬ ላይ ተዘግተህ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ልጃችን እየተጣራች ነው። አሁን የምትሰማት አንተ ነህ። ተነሥና ሂድ።”

ባልደረባዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

“ይቺ ሴትዮ” አለች፣ “ዛሬም ሥራ ታከፋፍላለች...”

ተነሥቼ ሄድኩ።

“ማነው በዚህ ዝናብ ፀሐይ ያወጣው?”

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። “እማ ታረቀችኝ?”

“መቼ ተጣላችሽና! ልካኝ ነው የመጣሁት።”

ወዳጆቼ... ያገባሁት እንዲህ ያለችውን ሴት ነው። አልጋ ላይ ሆና ያሳሰባት ማን ያስታውሰኛል የሚለው አልነበረም። ልጄ ስትጣራ ማን አቤት ይላታል ነው።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ ዝምታ ሁሉ ኩርፊያ አይደለም። ፍቅሩም ጥሪውም እያለ፣ መሃል ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ሳትፈልጉ ተስፋ አትቁረጡ።

እናንተስ... እቤታችሁ እየተጣራ ያልሰማችሁት ማነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። በየትኛውም ፀ ብትጽፉት አነበዋለሁ።

እኔ ያን ቀን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ይሄን ነው...

ካቻቢቴዬን አምጥቼ የክፍሏን በር ከነማጠፊያው ፈታሁት።