አልወጣም ያለችው ሀዋ

ሐመልማል ከድሆቹ ሰፈር ከማዮ ተነስታ፣ ባለጠጎቹ ሰፈር አል-ጣኢፍ ድረስ በባለሦስት እግር ረክሻ መጥታ የሃጃ ሀኒፋን የብረት በር ስትደበድብ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ባለቤቶቹ በጦርነቱ ወደ ካይሮ ከሸሹ ወዲህ፣ ሀዋ የምትባል ሴት ከነልጆቿ ቤቱ ውስጥ ሰፍራለች። ውጪ ቢሏት የማትወጣ፣ ቢሰድቧት የማትመልስ ሴት ናት።

ሃጃ ሀኒፋ ከካይሮ በስልክ ቁርጡን ተናግራለች። "ሴትዮዋን አስወጪልኝና የጓሮዋ ክፍል የዕድሜ ልክሽ ናት።"

ለዚያች ክፍል ሲባል ሐመልማል እንኳን በር ግንብም ትደበድባለች። ማዮ ውስጥ በሸራ ሥር ክረምቱን ያሳለፈ ያውቀዋል።

ክፍሏንም ታውቃታለች። ሃጃ ቤት ወጥ ሠሪ ሳለች፣ ከባሏ ከያረጋል ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖራባታለች። ያረጋል የቤቱ ዘበኛ ነበር። ተኩሱ ሲጀመር "የኔ ዓለም፣ አንቺ ገዳሪፍ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ" ብሎ ሸኛት፤ በዚያው ቀረ። ከገዳሪፍ ተመልሳ ማዮ ስትገባ፣ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ከአንዲት ቀይ ሴት ጋር አየሁት ያለቻት ጎረቤቷ ካሳነሽ ናት፤ ካሳነሽ ደግሞ ያላየችው የለም። ሐመልማል አመነች። ድሮስ አንድ ቀን እንኳ ሐመልማል ብሎ በስሟ ጠርቷት የማያውቅ ሰው ምኑ ይታመናል? ከዚያ ወዲህ ነገሩን አታነሳም፤ ለሚያነሳባትም ፊት አትሰጥም።

በመጀመሪያው ጊዜ ሀዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ሐበሺያ ነሽ?"

"ነኝ፤ ምን ይሁን?"

"ስምሽ ማነው?"

"ሐመልማል! ጻፊው፣ ለፖሊስም ይጠቅምሻል!"

ሀዋ ትክዝ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው። ሐመልማል 'ፈራች' ብላ ደስ አላት።

በሁለተኛው ጊዜ በበሩ ስንጥቅ ጓሮውን አየች። ከኒም ዛፉ ሥር መሬቱ ተቆፍሮ ተደልድሏል፤ አንገረብ አልጋ ተደፍቶበታል። ትንሿ ልጅ ኳስ ተከትላ ወደዚያ ስትሮጥ ሀዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አባረረቻት።

ማዮ ተመልሳ ስትነግራቸው የሰፈሯ ሴቶች ሁሉ አንድ አፍ ሆኑ።

"ቀብራዋለች!" አለች ካሳነሽ። "የሃጃን ወርቅ ነዋ! አልወጣም የምትለው ለምን ሆነና? እሱን ትታ የት ትሂድ?"

በሦስተኛው ጊዜ ሴቶቹን አስከትላ መጣች። በሩ ላይ ፀሐይ አናት እስክትበሳ ሲራገሙ ዋሉ። ሀዋ በጆግ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣችላቸው። ጠጡና ተራገሙ።

"ውሃው ግን ይጥማል" አለች ካሳነሽ።

"አንቺ ዝም በይ!" አለቻት ሐመልማል።

ፖሊስ ጣቢያ ደግሞ ነገ ዛሬ ሆነባት። የጣቢያው ሃምሳ አለቃ ሻዊሽ ሳሊህ፣ ሃጃ በስልክ የላከችውን ውክልና አገላብጦ፣ "ማኅተሙ የታለ? ነገ ነይ፣ ኢንሻላህ" አላት። በነጋታው መኪና የለም። በሦስተኛው ቀን ሐመልማል ወርቅ የሚለውን ቃል አነሳች፤ መኪናው ተገኘ።

ይኸው አሁን ሻዊሹ ሁለት ፖሊሶችና አንድ አካፋ ይዞ ኋላዋ ቆሟል።

"ክፈቺ! ያላ!" አለ ሻዊሹ።

ሀዋ ከፈተች። ሐመልማል ቀድማ ገባች። ኒሙ ሥር ደርሳ አንገረቡን በገዛ እጇ አነሳችው።

"እዚህ ነው! ቆፍሩ! ዛሬ ትወጫታለሽ አንቺ ሌባ!"

ሀዋ አካፋው ፊት ተደፋች።

"ወርቅ የለም፤ ዋላሂ የለም! ወርቁንማ መሣሪያ የያዙት ጭነውት ሄደዋል። እዚህ የተቀበረው ሰው ነው። ከጥይት ስንሸሽ በሩን ከፍቶ አስገባን፤ መልሶ ሲዘጋው መቱት። የቤቱ ዘበኛ ነው።"

ሐመልማል አንገረቡን እንደያዘች ቀረች።

"ታዲያ ለምን አትወጪም?" አለ ሻዊሹ።

"ብወጣ አውጥታችሁ የትም ትወስዱታላችሁ። ሚስቱ እስክትመጣ ነው። ነፍሱ እስክትወጣ ስሟን ሲጠራ ነበር። በሩን ያንኳኳችን ሐበሺያ ሁሉ ስሟን የምጠይቀው ለዚያ ነው፤ እስከ ዛሬ አልመጣችም።"

ሻዊሽ ሳሊህ ማስታወሻውን አወጣ። "ስሟ ማን ይባላል?"

"የኔ ዓለም።"