የወረደው ቁጥር

ሐኪሟ ሁለተኛውን የደም ምርመራ ውጤት ስታሳያት፣ ልጅቱ ከጠዋቱ ጋር አስተያይታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ቀነሰ እኮ፣ አባዬ!» ብላ ትንፋሽ አጥሮት የተኛውን አባቷን ግንባሩን ሳመችው።

ሐኪሟ ፈገግ አላለችም። «የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይህ ቁጥር ይወጣል፤ ቀናት ሲያልፉ ይወርዳል። ልባቸው የተመታው ዛሬ አይደለም ማለት ነው። ያን ዕለት ቢመጡ ኖሮ ብዙውን የልባቸውን ጡንቻ እናተርፈው ነበር። ሰሞኑን ደረታቸውን አላመማቸውም?»

«ኧረ በጭራሽ» ልትል ስትል ቅዳሜ ትዝ አላት። አባቷ ሶፋዋን ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቤቷ ሲወጣ፣ ደረጃው ላይ በላብ ተጠምቆ ቁጭ አለ። «አረጀህ እንዴ፣ አባዬ!» ብላ ሳቀችበት። እሱም አብሯት ሳቀና ተነሥቶ እንደገና ተሸከመ።

አባቷ ከተኛበት እጇን ስቦ ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

«ተይው» አላት፤ «ሶፋሽ ገብቷል አይደል?»