ሦስተኛው ስዊች

ሙኒር የመኪና ኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጋራዡ ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። ብቻውን ይሠራል።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ነጭ ፒካፕ ደጁ ላይ ቆመ። ከውጭ የገባ፣ ከመሬት በጣም ከፍ ያለ መኪና ነው። ሹፌሩ ኤልያብ ይባላል፤ ከዳምቦያ ስንዴ እየጫነ የሚነግድ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት። ሁለት የፊት ጥርሶቹ የሉም። ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አለበት። ሙኒር ሲያየው፣ «ይሄስ ጠብ የሚወድ ሰው ነው» አለ በልቡ።

ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«አባቴ ነው፣ ጥላዬ ይባላል» አለ ኤልያብ። «ጉልበቱን ያመዋል፣ ከሰዓት ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። መኪናው ከፍ ስለሚል ያለ መርገጫ መውጣትም መውረድም አይችልም። መርገጫውን ገጥመውልኛል፤ ኤሌክትሪኩን አንተ ሥራልኝ።»

ሙኒር ጎንበስ ብሎ አየ። በሞተር የሚሠራ መርገጫ ነው፤ በር ሲከፈት ይወርዳል፣ ሲዘጋ ይገባል። ቀላል ሥራ ነው።

«ከበሩ ጋር እንዳታገናኘው» አለ ኤልያብ። «ከላይ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ ፋብሪካው ለተጨማሪ ዕቃ ብሎ የተዋቸው ስድስት ባዶ ስዊቾች አሉ። ሦስተኛው ላይ አድርገው። እኔ ስጫነው ብቻ ይውረድ።»

«አባባ ብቻቸውን መውረድ ቢፈልጉስ?»

«አይወርድም። የኋላ በሩንም ከውስጥ እንዳይከፈት አድርግልኝ።»

ሙኒር ቀና ብሎ አየው። ኤልያብ ዓይኑን አሸሸ።

ሙኒር የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ከስዊቾቹ የሚመጡትን ሽቦዎች አገኘ። ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል። የሦስተኛውን ለይቶ አወጣ። ለመርገጫው ኃይል የሚያስተላልፈው ሪሌ ስላልነበረው ኤልያብን እንዲገዛ ላከው። ኤልያብ ሲሄድ የአባቱን ከዘራ ይዞ ሄደ።

የአንካሳ ሰው ከዘራ ይዞ የሚሄድ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ሙኒር ሥራውን ትቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀኝ እጃቸው ጀርባ አብጧል። የጣቶቻቸው አንጓ ተልጦ ደም ደርቆበታል።

«እጅዎን ምን ነካው?»

እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። «ተወው ልጄ። የቤት ጉድ ነው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሚስቴን ደበቀብኝ። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሚስቴን። አንዱ ሰው ሙዱላ ከተማ ናት ይለኛል፣ ሌላው ዱራሜ። ስድስት ወር ዓይኗን አላየሁም። የት አለች ስለው በር ይቆልፍብኛል።»

«ለሕግ ለምን አይናገሩም?»

«የወለድኩትን ልጅ? እንዴት አድርጌ?»

 የሙኒር የገዛ አባት ሆመቾ ውስጥ ሲሞት እሱ ሳዑዲ ነበር፤ ቃሬዛውን አልተሸከመም። ዛሬም ድረስ፣ ሽማግሌ ሲያይ ሆዱ ይባባል።

ኤልያብ ተመለሰ። ሙኒር ዕቃውን ከእጁ መንጭቆ ወሰደ። ሪሌውን አሰረ፣ ፊውዙን ከተተ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ወጥቶ ሦስተኛውን ስዊች ተጫነ። መርገጫው እያጉረመረመ ወረደ። ደግሞ ሲጫን ተመልሶ ገባ። የኋላ በሩን መቆለፊያ ግን ሆን ብሎ አልነካውም።

ወርዶ ዕቃውን ሲሰበስብ ከመኪናው ወዲያ ጩኸት ሰማ።

«ልቀቀኝ!»

ማን እንደጮኸ አልለየም። ዞሮ ሲያይ የኋላው በር ተከፍቷል፤ ኤልያብ የሽማግሌውን እጅ ጠምዝዞ ይዟል። ሽማግሌው ያቃስታሉ።

ሙኒር ግድግዳው ሥር የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት አነሣ። ኤልያብን በኮሌታው ጎትቶ ከበሩ አላቀቀውና ትከሻው ላይ አሳረፈበት።

«አባትህን? አባትህን ነው የምትመታው?»

«ተው! አታውቀውም!»

ሁለተኛው ምት ክርኑን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ኤልያብ ጮኸ፤ ወደቀ። ያን የሚያህል ሰውዬ ግን አንዴም እጁን አላነሣም። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ በደህናው እጁ ጭንቅላቱን ሸፈነ። ሙኒር ጭኑን ደገመው። ጎኑን ደገመው። በጫማው አፉን ሲመታው ደሙ ሲሚንቶው ላይ ተረጨ። ከዚያ ትንፋሽ አጠረውና ቆመ።

«አታውርደው» አለ ኤልያብ ደም እየተፋ። «ስለ ፈጣሪ ብለህ፣ አታውርደው።»

አሁንም! ሙኒር ምራቁን ተፋበት። ወደ ሹፌሩ ቦታ ገባ ብሎ ስዊቹን ተጫነ። መርገጫው ወረደ። በሩ ጋ ሄዶ ትከሻውን አስደገፋቸው።

«ይውረዱ አባባ። ከእንግዲህ የሚነካዎት የለም።»

ሽማግሌው አንድ እግራቸውን፣ ቀጥለው ሌላውን አሳርፈው ቀስ ብለው ወረዱ። የሙኒርን ግንባር ሳሙ።

«ተባረክ። ወልዶ መሳም ማለት አንተን የመሰለውን ነው።»

መሬት ላይ የሚያቃስተውን ልጃቸውን ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሙኒር ሊደገፉበት መስሎት ብረቱን ሰጣቸው።

«እጁን ያዝልኝ» አሉ ሽማግሌው። «እናቱም ያመለጠችኝ የሚይዝልኝ ሰው አጥቼ ነው።»