ጥቁር የነበረው ሰዓት

ሴትዮዋ የሟች ባላቸውን ሰዓት ለመሸጥ ፒያሳ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ሲሄዱ፣ እንዳይታለሉ ብለው የንስሐ አባታቸውን መምሬ ዘውገን አስከትለው ነበር። መምሬ ሰዓቱን በደንብ ያውቁታል፤ ሟች ከውጭ ሲመለሱ ሁለት አንድ ዓይነት አምጥተው አንዱን የሰጡት ለእሳቸው ነው።

"ፊቱ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር፤ እንዲህ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ተበላሽቷል መሰለኝ" አሉ ሴትዮዋ።

ሰዓት ሠሪው በማጉያ መነጽሩ አይቶ ከወንበሩ ተነሣ። "ኧረ እናቴ፣ ሰብሳቢዎች የሚራኮቱበት ይሄ ነው። እንዲህ የሚሆነው ለዓመታት ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ነው። ባለቤትዎ ሐይቅ ዳር መዝናናት ይወዱ ነበር?"

"ምን መዝናናት አለ። ሲሠሩ የሚውሉት መስኮት የሌለው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ዕረፍት ሲወጡ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመምሬ ጋር ሱባኤ ሲገቡ ኖሩ፤ ያውም ዋሻ። ፀሐይ ከየት አግኝተው? አይደለም እንዴ መምሬ?"

"ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ልጄ። ይህ መስቀል ምስክሬ ነው" አሉ መምሬ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው።

ሰፊው እጅጌያቸው ወደ ክርናቸው ሲንሸራተት ብቅ ያለው ሰዓት ከሟቹም የባሰ ቡናማ ነበር።